«ማይሰልፍ» የት ይገባል?

የተማሪዎቼን የእንግሊዝኛ የሥራ ማመልከቻ ሳርም ቀይ እስክሪብቶዬ አዘውትሮ የሚያርፈው «ፕሊዝ ኮንታክት ማይሰልፍ» (እባክዎ እኔን ያነጋግሩ ለማለት) የሚለው ላይ ነው። ትሕትና ይመስላቸዋል መሰለኝ፤ ትክክሉ ግን አጭሩ «ሚ» ነው።

«ሰልፍ» (ራስ) በዋናነት የሚገባው አድራጊውና ተደራጊው አንድ ሲሆኑ ነው። «ሺ ከት ኸርሰልፍ» ካልን የቆረጠችውም የደማችውም እርሷው ናት፤ «ሺ ከት ኸር» ካልን ግን የደማችው ሌላ ሴት ናት፤ ነገሩ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ያመራል! «ተላጨ» ለማለት ደግሞ «ሂ ሼቭድ» ይበቃል፤ «ሂምሰልፍ» አያስፈልገውም። «ባይ ማይሰልፍ» ብቻዬን ማለት ነው።

«ሂስሰልፍ» እና «ዜርሰልቭስ» በመደበኛው እንግሊዝኛ ስሕተት ናቸው፤ «ሂምሰልፍ»፣ «ዘምሰልቭስ» በሉ። «ዩ» አንድንና ብዙን ባይለይም እዚህ ይለያል፦ እንግዳ ራሱ እያነሣ እንዲስተናገድ ስንጋብዝ ለአንዱ «ሄልፕ ዮርሰልፍ»፣ ለብዙዎች «ሄልፕ ዮርሰልቭስ»።