ከ1.25 ቮልት በታች ለመውረድ ስንሞክር የምንሠራቸው ስህተቶች

ኤልኤም317 የተባለው ሬጉሌተር (ቮልቴጅ ማረጋጊያ) ከጠጋኝ ጠረጴዛ የማይጠፋ ዕቃ ነው። ለ5፣ ለ9፣ ለ12 ቮልት ማንም ይገጥመዋል። ጣጣው የሚመጣው 0.8 ወይም 1 ቮልት ሲፈለግ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ሬዚስተር እየቀያየሩ ዜሮ ቮልት መጠበቅ ነው። ይህ ሬጉሌተር ሥራው በአውትፑት (መውጫ) እና በአጁስት (ማስተካከያ) ፒኖቹ መካከል 1.25 ቮልት እንዲኖር ማድረግ ነው። የላይኛው ሬዚስተር የሚገጠመው በእነዚህ ሁለት ፒኖች መካከል ነው፤ የታችኛው ከአጁስት ወደ ግራውንድ (የዜሮ ቮልት መስመር) ይወርዳል። አጁስትን ቀጥታ ግራውንድ ላይ ብታስሩት የሚወጣው ያው 1.25 ነው። ከዚያ በታች የሚወረደው አጁስቱ ራሱ ከግራውንድ በታች ሲወርድ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው ታዲያ አቋራጭ ይፈልጋል፦ 2.2 ቮልት አውጥቶ፣ ሁለት ዳዮድ በተከታታይ ገጥሞ ወደ 0.8 ማውረድ። ለአሻንጉሊት ይሁን። ለሌላ ግን አይሆንም። ሲሊከን ዳዮድ ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ ሙቀቱ አንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በ2 ሚሊቮልት ገደማ ያንሳል። ደሴ ላይ በማለዳው ብርድ 0.8 ላይ ያስተካከላችሁት ዕቃ ቀትር ላይ ኮምቦልቻ ወርዶ 15 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ሁለቱ ዳዮዶች 60 ሚሊቮልት ያዛቡታል። 5 ቮልት ላይ ማንም ልብ አይለውም፤ 0.8 ላይ ግን ከ7 በመቶ በላይ ነው። ሎዱ (የተገናኘው ዕቃ የሚስበው ኃይል) ሲቀንስም ቮልቴጁ ሽቅብ ይላል።

ትክክለኛው መንገድ አጁስቱን ከግራውንድ በታች የሚያወርድ ኔጌቲቭ ቮልቴጅ ነው። እዚህም ሰው ይሳሳታል፤ ኔጌቲቩን ካልተረጋጋ ትራንስፎርመር በቀጥታ ይወስዳል። መብራቱ ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር መዋዠቁ ሳይቀነስ ውጪው ላይ ይታያል። እኔ የምመርጠው የኤልኤም317ን ኔጌቲቭ አቻ፣ ኤልኤም337ን ነው። የእሱን አጁስት ግራውንድ ላይ እሰሩት፤ −1.25 ቮልት ይሰጣችኋል። የኤልኤም317ን የታችኛውን ሬዚስተር ከግራውንድ ይልቅ እዚያ ላይ አሳርፉት። ሒሳቡም ይቀላል፦ ውጪው 1.25 ሲባዛ በታችኛው ሬዚስተር፣ ሲካፈል ለላይኛው። ላይኛው 120 ኦም ከሆነ ለ0.8 ቮልት 77 ኦም አካባቢ ይበቃል። የታችኛው ሬዚስተር መስመር ከተበጠሰ ግን ውጪው ወደ ግቤቱ ቮልቴጅ ይወጣል፤ ስለዚህ ብየዳውን ሳትፈትሹ ውድ ቦርድ አታገናኙ።

ላይኛውን ሬዚስተር 240 ኦም ማድረግም የተለመደ ነው። ኤልኤም317 በከፋ ሁኔታ 10 ሚሊአምፔር ሎድ ይፈልጋል፤ 240 ኦም የሚሰጠው ግማሹን ነው። ሎድ ሲነቀል ቮልቴጁ ያሻቅባል። 120 ይሁን።

“ቮልቴጁ ትንሽ ስለሆነ አይሞቅም” የሚሉትን አትስሟቸው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። 12 ቮልት አስገብታችሁ 1 ቮልት በግማሽ አምፔር ስታወጡ፣ ሎዱ ግማሽ ዋት ይወስዳል፤ ሬጉሌተሩ 5.5 ዋት ያቃጥላል። ያለ ሂት ሲንክ (ሙቀት ማስወጫ ብረት) ወዲያው ይሞቅና ራሱን ይዘጋል። በ5 ቮልት መግቡት፤ ሙቀቱ ወደ 2 ዋት ይወርዳል። ሂት ሲንክ ስትገጥሙ ደግሞ የጀርባው ብረት ከአውትፑቱ ጋር የተያያዘ መሆኑን አትርሱ። ሳጥኑን ከነካ ሾርት ነው፤ ሚካ (ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ስስ ንጣፍ) ጣልቃ አግቡ።

ሽቦም አይናቅም። 0.1 ኦም ያለው ሽቦ በ1 አምፔር 0.1 ቮልት ይበላል። የላይኛውን ሬዚስተር ከሬጉሌተሩ እግር ሥር በይዱት። ቴስተሩን ደግሞ ሎዱ ላይ አድርጋችሁ ለኩ።

ኤልቲ3080 የተባለውን ሬጉሌተር ካገኛችሁ ኔጌቲቭ አያስፈልጋችሁም። ከሴት (SET፣ ቮልቴጁ የሚወሰንበት) ፒኑ በሚወጣ 10 ማይክሮአምፔርና በአንድ ሬዚስተር እስከ ዜሮ ይወርዳል። እሱም ቢሆን እስከ 1 ሚሊአምፔር ሎድ ይጠይቃል።