ፕሮጀክታችሁ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይም እንዲነሳ፦ ክላስፓዝና ጄአርኢ በኤክሊፕስ

የሰው የጃቫ ፕሮጀክት ሲደርሰኝ መጀመሪያ የምከፍተው ኮዱን አይደለም። በነጥብ የሚጀምረውን፣ ክላስፓዝ የሚባለውን ፋይል ነው፤ ፕሮጀክቱ የትኛውን ጃቫና የትኞቹን ላይብረሪዎች (ዝግጁ የኮድ ስብስቦች) እንደሚጠቀም የሚጻፈው እዚያ ነው። ኮድ የምንጽፍበት ፕሮግራም፣ ኤክሊፕስ፣ ስለሚደብቀው ብዙ ሰው አያየውም። ውስጡ በሲ ድራይቭ የሚጀምር የጃር (ላይብረሪ የሚታሸግበት ፋይል) አድራሻ ካየሁ፣ እኔ ጋ እንደማይነሳ ወዲያው አውቃለሁ።

ከጃቫው እንጀምር። ዊንዶው፣ ፕሪፈረንስስ፣ ጃቫ፣ ኢንስቶልድ ጄአርኢስ ግቡ። ጄአርኢ የጃቫ ፕሮግራም የሚያስኬደው ነው፤ ጄዲኬ ደግሞ ኮዱን ኮምፓይል ማድረጊያውንም የያዘው ነው። አድ፣ ከዚያ ስታንዳርድ ቪኤም ብላችሁ ጄዲኬው የተጫነበትን ፎልደር ምረጡ። ቢን የሚለውን ሳይሆን ከሱ በላይ ያለውን ነው። ቀጥሎ ኤክስኪዩሽን ኢንቫይሮንመንትስ ላይ ጃቫ ኤስኢ 17ን ምረጡና ከጎኑ ያለው ዝርዝር ውስጥ አሁን ያስገባችሁት ጄዲኬ ላይ ምልክት አድርጉ።

አሁን ፕሮጀክቱን ራይት ክሊክ አድርጉ፤ ቢልድ ፓዝ፣ ኮንፊገር ቢልድ ፓዝ። ላይብረሪስ ታብ ላይ ጄአርኢ ሲስተም ላይብረሪን መርጣችሁ ኤዲት በሉ። ሦስት ምርጫ ይመጣል፤ ኤክስኪዩሽን ኢንቫይሮንመንት የሚለውን ውሰዱ። እዚህ ጋ አደራ! ኦልተርኔት ጄአርኢን ከወሰዳችሁ፣ ፋይሉ ውስጥ የሚጻፈው ለጄዲኬው እናንተ የሰጣችሁት ስም ነው። የሥራ ባልደረባችሁ ያንን ስም ከየት ያመጣል? ፕሮጀክቱን ሲከፍት የሚጠብቀው ቀይ ምልክት ነው። ኤክስኪዩሽን ኢንቫይሮንመንት ግን የሚለው «17 እፈልጋለሁ» ብቻ ነው። የትኛው 17 እንደሆነ ኤክሊፕሱ እዚያው ይፈልጋል።

ጃር ላይም ነገሩ ያው ነው። ፕሮጀክቱ ውስጥ ሊብ የሚል ፎልደር ፍጠሩ፣ ጃሮቹን እዚያ ኮፒ አድርጉ፣ ከዚያ አድ ጃርስ በሉ። አድ ኤክስተርናል ጃርስ የኮምፒውተራችሁን ሙሉ አድራሻ ስለሚጽፍ እኔ ጨርሶ አልነካውም። ሞጁልፓዝና ክላስፓዝ ተለያይተው ከመጡባችሁና ፕሮጀክታችሁ ሞጁል ኢንፎ ፋይል ከሌለው፣ ክላስፓዝ ስር አስገቡ። አንድ ክላስ ሁለት ጃር ውስጥ ካለ ደግሞ ቀድሞ የተቀመጠው ነው የሚጫነው፤ ተራውን ኦርደር ኤንድ ኤክስፖርት ላይ ታስተካክላላችሁ።

ላይብረሪዎችን በራሱ የሚያወርደውን መሣሪያ፣ ሜቨንን፣ የምትጠቀሙ ከሆነ ይሄን ሁሉ በእጅ አትነካኩ። ላይብረሪውንም የጃቫ ቨርዥኑንም የሜቨን ማዋቀሪያ በሆነው ፖም ፋይል ላይ ጻፉና ኦልት ኤፍ 5 ተጭናችሁ አፕዴት አድርጉ።

ኮዱ ያለችግር ኮምፓይል ሆኖ ራን ሲባል አንሰፖርትድ ክላስ ቨርዥን ኤረር ካመጣ አትደንግጡ፤ መልእክቱን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ሁለት ቁጥር አለበት፤ ለምሳሌ 61 እና 55። ከእያንዳንዱ 44 ቀንሱ፦ 17 እና 11 ይወጣል። ኮዱ የተሠራው በ17 ነው፣ ሊያስኬደው የሞከረው ግን 11 ነው ማለት ነው። ራን ኮንፊገሬሽንስ ውስጥ ጄአርኢ የሚለውን ታብ ክፈቱና ፕሮጀክቱ የሚጠቀመውን ምረጡ። ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያ የተረሳ አሮጌ ምርጫ ነው።

ለሰው ከመላካችሁ በፊት ፕሮጀክቱን ኮዳችሁን ካስቀመጣችሁበት ጊት ላይ ወደ ሌላ ፎልደር አውርዳችሁ፣ በባዶ ወርክስፔስ (ኤክሊፕስ ሥራችሁንና ምርጫዎቻችሁን በሚይዝበት ፎልደር) ኢምፖርት አድርጉት። ወርክስፔሱ አዲስ ስለሆነ ጄዲኬውን እንደገና ማስመዝገብ ሊያስፈልጋችሁ ይችላል። ከዚያ በኋላም ቀይ ካለ፣ ፕሮብሌምስ የሚለው ቪው የጎደለውን ጃር በስሙ ይነግራችኋል።