ሳጥኗ ስታስቸግር፦ የቤት ሚዲያ ሴንተር ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ፊልሙ ልብ የሚሰቅለው ቦታ ላይ ሲደርስ ክቧ መሽከርከር ትጀምራለች። ሳሎን ያለው ሁሉ ወደ አንድ ሰው ዞሮ ያያል። እኛ ቤት ያ ሰው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን የማደርገው ሳጥኗን፣ ማለትም ቲቪው ላይ የተሰካችውን ፊልም የምታጫውት ትንሽ ኮምፒውተር፣ ከሶኬት ነቅሎ መልሶ መሰካት ነበር። አንዳንዴ ይሠራል። ግን ምክንያቱ ሳይታወቅ ስለሚያልፍ በማግስቱ ያው ችግር ይመለሳል።

አሁን ግን ቀድሜ ምልክቱን አያለሁ። ምስሉ ዓይናችን ጋ እስኪደርስ አራት ቦታ ያልፋል። መጀመሪያ ፋይሉ ወይም ስርጭቱ አለ። ቀጥሎ እሱን የሚያመጣው መንገድ፣ ማለትም ዋይፋይ ወይም ኬብል። ከዚያ ሳጥኗ። በመጨረሻ ቲቪው። ችግሩ የትኛው ጋ እንዳለ ብዙ ጊዜ ምልክቱ ራሱ ይናገራል። አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ ማየት፣ ካልሆነ ወደነበረበት መልሶ ሌላውን መሞከር ነው። ሦስት ነገር በአንዴ ከቀየራችሁ ቢስተካከል እንኳ የትኛው እንዳዳናችሁ አታውቁም።

እኛ የምናየው ራስበሪ ፓይ በሚባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ በተጫነ ኮዲ በሚባል የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራም ስለሆነ ምሳሌዎቼ ከዚያ ናቸው። አንድሮይድ ቦክስ ወይም አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ኮዲ ላላችሁም አብዛኛው ይሠራል። መልስ ስትፈልጉ «ኤክስቢኤምሲ» የሚል ስም ካጋጠማችሁ አትደናገሩ። ኮዲ እ.ኤ.አ. እስከ 2014 የሚጠራው በዚያ ስም ነበር።

ፊልሙ ይቆማል፣ ክቧ ትሽከረከራለች

ክቧ ስትመጣ ኮዲ የሚያሳየው አልቆበት እየጠበቀ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መንገዱ ነው። ለማረጋገጥ ያንኑ ፊልም ፍላሽ ላይ ገልብጡና ፍላሹን ሳጥኗ ላይ ሰክታችሁ ክፈቱት። ከፍላሽ ያለችግር ከሄደ ጥፋቱ የኔትወርኩ ነው። ፍላሹ ባዶ ሆኖ ሳለ ፊልሙን አልቀበልም ካለ ፎርማቱን፣ ማለትም ፋይል የሚያስቀምጥበትን አሠራር፣ እዩ። ፋት32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ውስጡ ያለውን ሌላ ቦታ አስቀምጡና በኤክስፋት ፎርማት አድርጉት።

ጥፋቱ የኔትወርኩ መሆኑ ከታወቀ የመጀመሪያው መድኃኒት ኬብል ነው። ሳጥኗና ራውተሩ ቅርብ ለቅርብ ከሆኑ በዋይፋይ መድከም አያስፈልግም። ከብሉሬይ ሳይጨመቅ የተገለበጠ ፊልም ለምስሉ ብቻ በሴኮንድ እስከ 40 ሜጋቢት ሊጠይቅ ይችላል። ኬብል ይህን ሳይጨነቅ ያመጣል። ዋይፋይ ግን ግድግዳ ሲበዛበት፣ ጎረቤቱ ሁሉ በዚያው ቻናል ሲጠቀም ይደክማል። ኬብል መዘርጋት ካልተቻለ ሳጥኗን 2.4 ጊጋኸርዝ ከሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ወደ 5 ጊጋኸርዝ አዙሯት። 5 ጊጋኸርዝ ግድግዳ ብዙ አይወድም፣ ግን አንድ ክፍል ውስጥ ወይም አጠገብ ለአጠገብ ሲሆን በጣም ይሻላል።

አንድ ሳምንት ሙሉ ያደከመንን ልንገራችሁ። ዋይፋዩ ቀን ደህና ነው። ማታ ፊልም ልናይ ስንል ይሞታል። ራውተር ቀየርን፣ የይለፍ ቃል ቀየርን፣ ምንም የለም። በኋላ ልብ ስንል ዋይፋዩ የሚሞተው ማታ ማታ ሳይሆን ሃርድ ዲስኩ በተሰካ ቁጥር ነው። ነገሩ ለካ የታወቀ ነው። ዩኤስቢ 3.0 ሲሠራ የሚለቀው ረብሻ 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ስለሚያርፍ አጠገቡ ያለውን ዋይፋይ ያፍነዋል። ዲስኩን ረዘም ባለ ኬብል ግማሽ ሜትር ያህል አራቅነው፣ ሳጥኗን ወደ 5 ጊጋኸርዝ አዞርናት፣ አለቀ።

ክብ የለም፣ ግን ምስሉ እየተጎተተ ከድምፁ ይቀራል

ይህ ከላይኛው ጋር ይመሳሰላል፣ ግን ሌላ በሽታ ነው። እዚህ የደከመችው ሳጥኗ ናት። ኪቦርድ ሰክታችሁ ፊልሙ እየሄደ «ኦ» የምትለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ተጫኑ። ምስሉ ላይ ትንሽ ጽሑፍ ይመጣል። ዲኮደር (የተጨመቀውን ምስል የሚፈታው) በሚለው መስመር ጫፍ በቅንፍ «ኤችደብሊው» ካለ ሥራውን ለዚያ የተሠራው ቺፕ እየሠራው ነው። «ኤስደብሊው» ካለ ፕሮሰሰሩ ብቻውን እየለፋ ነው።

ኤች.265 በሚባለው፣ ኤችኢቪሲም በሚሉት ዘዴ የተጨመቁ ፊልሞች ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ራስበሪ ፓይ 3 ለዚህ የሚሆን ቺፕ የለውም። ፓይ 4 ግን 4ኬ ምስል በሴኮንድ እስከ 60 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይፈታል። ስለዚህ ፓይ 3 ላይ ኤች.265 ሲጎተት ሴቲንግ በመነካካት አትድከሙ፤ የዚያኑ ፊልም ኤች.264 በሚባለው በቀድሞው ዘዴ የተጨመቀ ቅጂ ተጠቀሙ። ፓይ 5 ያላችሁ ደግሞ ኤች.264 ላይ «ኤስደብሊው» ብታዩ አትደንግጡ። ኤች.264 የሚፈታው ቺፕ ፓይ 5 ላይ የለም፤ ፕሮሰሰሩ ጠንካራ ስለሆነ በራሱ ይወጣዋል።

መጀመሪያ ደህና ሄዶ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መጎተት ከጀመረ ሙቀት ነው። ፓይ 4 ወደ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሳጥኗን ከቲቪው ጀርባ ካለው የተዘጋ ቦታ አውጧት። ሙቀት ማስወጫ ብረት ወይም ትንሽ ፋን ግጠሙላት።

ሁሉም ደህና ነው፣ ግን ካሜራው ሲዞር ምስሉ ይንቀጠቀጣል

ይህን ብዙ ሰው ይለምደዋል፣ ችግር መሆኑንም አያውቅም። መጨረሻ ላይ ስሞች ወደ ላይ ሲወጡ እዩ። እየተንሸራተቱ ሳይሆን ቆም ሄድ፣ ቆም ሄድ እያሉ ከሆነ ይህ ነው። ፊልም በሴኮንድ 24 ፍሬም ነው። ቲቪው በሴኮንድ 60 ጊዜ ያድሳል። 60 ለ24 እኩል ስለማይካፈል አንዱ ፍሬም ሁለቴ፣ ቀጣዩ ሦስቴ ይታያል። ዓይን የሚይዘው ያንን አለመመጣጠን ነው።

መፍትሄው ኮዲ ውስጥ ተቀምጧል። ሴቲንግስ፣ ፕሌየር፣ ቪዲዮስ ግቡና «አድጀስት ዲስፕሌይ ሪፍሬሽ ሬት» የሚለውን «ኦን ስታርት/ስቶፕ» አድርጉት። ካልታያችሁ ከታች በግራ ያለችውን የጊር ምልክት እየተጫናችሁ ደረጃውን ከፍ አድርጉ። ከዚህ በኋላ ፊልም ሲጀምር ቲቪው ለሁለት ሴኮንድ ያህል ይጠቁራል። ፍጥነቱን እየቀየረ ነው፣ አልተበላሸም። ቤተሰቡን አስቀድማችሁ ንገሩ።

ምስል አለ፣ ድምፅ የለም

አንዱ ፊልም ድምፅ አለው፣ ሌላው የለውም? እንግዲያው ኬብሉ ደህና ነው። ኮዲ ድምፁን ሳይፈታ እንዳለ ወደ ቲቪው እየላከ ይሆናል፤ ይህ «ፓስስሩ» ይባላል። ቲቪው ዲቲኤስን የመሰለ የድምፅ ፎርማት የማያውቅ ከሆነ ዝም ይላል። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ኦዲዮ ውስጥ «አላው ፓስስሩ» የሚለውን አጥፉት። ኮዲ ራሱ ፈትቶ ይልከዋል።

ከዚህ የባሰ የሚያናድደው ሙዚቃውና ፍንዳታው ቤት ሲያናውጥ የሰዎቹ ንግግር ግን ሹክሹክታ ሲሆን ነው። በ5.1 ድምፅ፣ ማለትም ለአምስት ስፒከርና ለአንድ የቤዝ ስፒከር በተከፋፈለ ድምፅ፣ ንግግሩ የሚወጣው በአብዛኛው ከመሃለኛው ስፒከር ነው። ቲቪው ሁለት ስፒከር ብቻ እያለው ኮዲ ላይ የቻናል ቁጥሩ 5.1 ተብሎ ከተሞላ የመሃሉ ድምፅ ይጠፋል። እዚያው ኦዲዮ ውስጥ «ነምበር ኦፍ ቻነልስ» የሚለውን 2.0 አድርጉት። ልዩነቱን ወዲያው ትሰሙታላችሁ።

ድምፁ ከከንፈር ቀድሞ የሚመጣ ከሆነ ቲቪው ምስሉን ሲያሳምር ጊዜ እየወሰደ ነው። ቲቪው ላይ «ጌም ሞድ» ካለ ሞክሩት። ካልሆነ ፊልሙ እየሄደ ከኦዲዮ ሴቲንግ «ኦዲዮ ኦፍሴት»ን ትንሽ በትንሽ አዘግዩ። በሩ ሲዘጋ፣ ጽዋ ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ እያያችሁ አስተካክሉ። ከንፈር ያታልላል፣ በር አያታልልም።

ሳጥኗ በራሷ ትጠፋለች፣ ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ይላል

ስክሪኑ ላይ በቀኝ ጥግ ከላይ ቢጫ የመብረቅ ምልክት አይታችኋል? ሳጥኗ መብራት እያነሳት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ከመሳቢያ የወጣ የስልክ ቻርጀር ነው። ፓይ 3 5 ቮልት 2.5 አምፒር፣ ፓይ 4 ደግሞ 5 ቮልት 3 አምፒር ይፈልጋል። ቀጭን ረጅም ኬብልም ቮልቴጁን መንገድ ላይ ያስቀረዋል። ለፓይ ተብሎ የተሠራውን ቻርጀር ተጠቀሙ።

ሃርድ ዲስኩ ሲነሳ ቀጭ እያለ መልሶ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው። የፓይ 4 ዩኤስቢ ቀዳዳዎች አራቱም ተደምረው የሚሰጡት 1.2 አምፒር ብቻ ነው። የራሱ ቻርጀር ያለው ዩኤስቢ ማከፋፈያ ግዙለትና ዲስኩን በእሱ በኩል ስኩ። በዚህ አትዘናጉ። ዲስክ ያለበቂ መብራት ሲነሳና ሲወድቅ ላዩ ላይ ያለው ፎቶም ፊልምም ሊበላሽ ይችላል። በቂ መብራት አግኝቶም ቀጭታው ካልቆመ ዲስኩ ራሱ እየሞተ ሊሆን ስለሚችል ፋይሎቻችሁን ቶሎ ወደ ሌላ ቦታ አሽሹ።

የቲቪው ሪሞት ኮዲን አያዝም

ሳጥኗን በቲቪው ሪሞት ለማዘዝ የሚያስችለው ኤችዲኤምአይ ሲኢሲ የሚባለው ነው። ችግሩ ቲቪ አምራቾች ሁሉ የየራሳቸውን ስም አውጥተውለታል። ሳምሰንግ አኒኔት ፕላስ፣ ኤልጂ ሲምፕሊንክ፣ ሶኒ ብራቪያ ሲንክ፣ ፊሊፕስ ኢዚሊንክ ይሉታል። ቲቪው ሴቲንግ ውስጥ ፈልጋችሁ አብሩት። ፓይ 4 ላይ ሁለት ማይክሮ ኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ስላለ ኬብሉን ለቻርጀሩ ቅርብ በሆነው ላይ ስኩ። በርቶም ካላዘዘ ቲቪውንም ሳጥኗንም ከሶኬት ነቅላችሁ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። መንቀል በእርግጥ መድኃኒት የሚሆንበት ቦታ ይሄ ነው፤ የተዛባው የሲኢሲ ግንኙነት ተረስቶ እንደ አዲስ የሚጀምረው እንዲህ ነው።

መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ ፊልሞቹ የሉም፣ ሰዓቱም ተሳስቷል

እስከ ፓይ 4 ድረስ ያሉት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ የላቸውም። ሲነሱ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ይጠይቃሉ። መብራት ሲመጣ ግን ሳጥኗ ከራውተሩ ቀድማ ትነሳለች። ኔትወርክ የለም፣ ስለዚህ ሰዓት የለም፣ የቻናሎቹ ፕሮግራም ባዶ ይሆናል፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ያለው የፊልም ፎልደርም አይከፈትም። ሊብሬኤሌክ (ኮዲን ለማስኬድ ብቻ የተሠራ ስርዓተ ክወና) የምትጠቀሙ ከሆነ የራሱ ሴቲንግ ውስጥ ኔትወርክ የሚለው ጋ ኮዲ ከመነሳቱ በፊት ኔትወርክ እንዲጠብቅ የሚያደርግ ምርጫ አለ። አብሩትና የሚጠብቀውን ጊዜ ራውተራችሁ ለመነሳት ከሚፈጅበት ከፍ አድርጉት።

መብራት ሳይጠፋም ፎልደሩ ከጠፋ ራውተሩ ለኮምፒውተሩ ሌላ አድራሻ ሰጥቶት ሊሆን ይችላል። ራውተሩ ላይ ለኮምፒውተሩ ቋሚ አድራሻ ያዙለት። ኮዲ የዊንዶውስ ኮምፒውተሩን ጭራሽ ዝርዝር ውስጥ ካላሳያችሁ ደግሞ በማሰስ አትድከሙ። አዳዲስ ዊንዶውሶች ያንን የድሮ መፈላለጊያ ዘግተውታል። «አድ ኔትወርክ ሎኬሽን» የሚለውን ከፍታችሁ አድራሻውን፣ የተጠቃሚ ስሙንና የይለፍ ቃሉን በእጅ ጻፉ።

ቀጥታ ስርጭት ላይ ምስሉ ካሬ ካሬ ይሆናል

ክብ ሳይሆን ካሬ ካሬ እያለ ድምፁም ጭው ጭው ካለ ኢንተርኔቱን ተዉት፤ ይህ የአንቴና ወይም የዲሽ ሲግናል ነው። ጫፎቹን አጥብቁ። ኬብሉን ለሁለት የሚከፍል ነገር ካለ አውጥታችሁ በቀጥታ ሞክሩ። ሰዎቹ ሲንቀሳቀሱ ጠርዛቸው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የሚሰነጠቅ ከሆነ ግን ሲግናሉ ደህና ነው። የቪዲዮ ሴቲንግ ውስጥ «ዲኢንተርሌስ» የሚለውን አብሩ።

ሰብታይትሉ አራት ማዕዘን ብቻ ነው፣ ወይም እየቆየ ይዘገያል

የአማርኛ ሰብታይትል ከፍታችሁ ሳጥን ሳጥን ብቻ ካያችሁ ፎንቱ ግዕዝ አያውቅም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል የመሰለ ፎንት ኮዲ ፎንቶች የሚያስቀምጥበት ፎልደር ውስጥ ጨምሩና ከሰብታይትል ሴቲንግ ምረጡት። ከሳጥን ይልቅ ዝብርቅርቅ ምልክት ከሆነ ፋይሉን ኖትፓድ ላይ ከፍታችሁ የሚነበብ መሆኑን እዩ፤ ከዚያ «ሴቭ አዝ» ላይ ዩቲኤፍ-8 መርጣችሁ አስቀምጡት።

ሰብታይትሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእኩል ከቀደመ ወይም ከዘገየ «ሰብታይትል ኦፍሴት» ያስተካክለዋል። መጀመሪያ ላይ ልክ ሆኖ እየቆየ እየራቀ ከሄደ ግን በዚያ አትልፉ። ሰብታይትሉ የተሠራው በሴኮንድ 25 ፍሬም ለሚሄድ ቅጂ ነው፣ የእናንተው ደግሞ 23.976 ነው፤ ወይም የዚህ ግልባጭ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ 2 ደቂቃ ተኩል ይራራቃሉ። ለእናንተው ቅጂ የተሠራውን ፈልጋችሁ አውርዱ፣ ስሙንም ከፊልሙ ፋይል ጋር አንድ አድርጉት፤ ኮዲ ራሱ ያነሳዋል።