ሳይንስና ቴክኖሎጂን አጣምሮ እንዴት ማስተማር ይቻላል? (ሴቶቹን ጸሐፊ አድርጎ ሳያስቀር)

የተቀናጀ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ትምህርት ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ሮቦት፣ ታብሌትና ውድ ቤተ ሙከራ ነው። ካሉ ጥሩ። ባይኖሩም ግን ሥራው አይቆምም። መቀናጀት ማለት ተማሪው አንድ ችግር ለመፍታት ሲል ፊዚክሱንም፣ ሒሳቡንም፣ ኮምፒውተሩንም በአንድ ላይ መጠቀሙ ነው። በሰኞው ክፍለ ጊዜ የተማረው ቀመር ለሐሙሱ ሥራ ካላገለገለው፣ መርሐ ግብሩ ላይ «የተቀናጀ» ተብሎ ቢጻፍም አልተቀናጀም።

እዚህ አንድ ፕሮጀክት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሠራለን። ከ12 እስከ 15 ዓመት ላሉ ተማሪዎች ይመጥናል። መምህር ባትሆኑም፣ የሳይንስ ክበብ የምታስተባብሩ ወይም ልጅ የምታስጠኑ ከሆነ ይሠራላችኋል።

1. ርዕስ ሳይሆን ችግር ምረጡ

«ሙቀት» ርዕስ ነው። «ይህ ሙቅ ውሃ ለ30 ደቂቃ ሳይቀዘቅዝ እንዲቆይ ዕቃ ሥሩ» ደግሞ ችግር ነው። ጥሩ ችግር በቁጥር ይለካል፤ ከአንድ በላይ መልስ አለው፤ ከተበላሸም እንደገና ይሞከራል። መልሱ መጽሐፉ ጀርባ ላይ ያለ ጥያቄ ለዚህ አይሆንም።

2. ከሌሎቹ መምህራን ጋር ተነጋገሩ

ረጅም ስብሰባ አያስፈልግም። ግማሽ ገጽ በቂ ነው፦ የፊዚክስ መምህሩ ሙቀት እንዴት እንደሚተላለፍ ያስተምራል፣ የሒሳቧ መምህርት ግራፉን ትይዛለች፣ የአይሲቲው ሠንጠረዡን ኮምፒውተር ላይ ያሠራል። ዋናው ነገር የማርኩ ጉዳይ ነው። ፕሮጀክቱ በሦስቱም ትምህርት ካልተያዘ ተማሪው «ትርፍ ሥራ» ብሎ ያልፈዋል። እውነቱንም ነው።

3. ራሳችሁ ቀድማችሁ ሞክሩት

የሚያስፈልገው እኩል መጠን ያላቸው ጣሳዎች ወይም ኩባያዎች፣ ቴርሞሜትር፣ አሮጌ ካልሲ፣ ጋዜጣ፣ ጥጥ፣ ፎይልና ካርቶን ነው። ውሃው 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይሁን፤ የፈላ አያስፈልግም። 60 ዲግሪም ቢሆን ያቃጥላል። ስለዚህ ውሃውን የሚቀዳው አዋቂ ነው። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

4. ቡድን መመደብ፣ ሁሉም ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው

ቡድኑን ዝም ብላችሁ ከለቀቃችሁት ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይኼ ነው። አንዱ ልጅ ቴርሞሜትሩን ቀድሞ ያነሳል። ሌላው ጣሳውን መጠቅለል ይጀምራል። ከዚያ አንዱ ዞር ይልና «አንቺ ጽሑፍሽ ያምራል፣ አንቺ ጻፊ» ይላል። ክፋት አስቦ አይደለም፤ እንዲያውም ሙገሳ ይመስላል። እሷም ደስ ብሏት ትጽፋለች። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ግን በእጇ የነካችው እስክሪብቶ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ሳምንትም እንደዚያው። «ይኼ የወንዶች ሥራ ነው» ብሎ ማንም አልነገራትም፤ ግን ገብቷታል።

ይህንን በንግግር አታስተካክሉትም። «ሴቶች ትችላላችሁ!» የሚለው መፈክር ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ ከሥሩ ያለችው ልጅ አሁንም እየጻፈች ሊሆን ይችላል። የሚስተካከለው በአሠራር ነው።

ለአራት ሰው ቡድን አራት ሥራ ስጡ፦ ሠሪ፣ ለኪ፣ መዝጋቢና ጠያቂ። ጠያቂው ሥራው «ለምን እንዲህ ሆነ?» እያለ መነዝነዝ ነው፤ ይኼን ሥራ የሚወዱት ልጆች አይታጡም። በየ10 ደቂቃው አጨብጭቡና ሥራው ይዙር። «እኔ ልጨርሰው» የሚል ይኖራል። አይጨርሰውም፤ ለቀጣዩ ያስረክባል።

አንዲት ሴት ከሦስት ወንዶች ጋር ብቻዋን አትመድቡ። ቢያንስ ሁለት ይሁኑ። አንዳንድ ጊዜ ሴቶች ብቻ ያሉበት ቡድን መሞከርም ጥሩ ነው፤ እዚያ ቴርሞሜትሩን የግድ ከሴቶቹ አንዷ ትይዘዋለች። ዓመቱን ሙሉ ግን ለይቶ ማስቀመጥን አልደግፍም፤ ነገ አብረው ነው የሚሠሩት።

ለመምህሩም አንድ ሕግ አለ፦ እጅ ወደ ኋላ። ወንዱ ልጅ ሲቸገር «እስቲ ሞክረው» እንላለን። ሴቷ ስትቸገር ዕቃውን ተቀብለን እንሠራላታለን። ደግነት ይመስላል፤ ግን ዕድሉን ነው የምንቀማት።

5. ሙከራው

ተከታታይ ሁለት ክፍለ ጊዜ ያዙ። እያንዳንዱ ቡድን 200 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ ይወስዳል። አንድ ጣሳ ምንም ሳይለብስ ይቀመጥ፤ ማነጻጸሪያው እሱ ነው። ከመጀመራቸው በፊት እያንዳንዱ ተማሪ ግምቱን በወረቀት ይጻፍ። በቃል ከሆነ ሁሉም የጎበዙን ልጅ ግምት ይደግማል።

በየ5 ደቂቃው ለ30 ደቂቃ ይለካሉ። ከዚያ ግራፍ። መስመሩ መጀመሪያ ቁልቁል ይወርድና ቀስ በቀስ እየተኛ ይሄዳል። እዚህ ላይ ቁሙና ጠይቁ፦ «ለምን ቀጥ ያለ መስመር አልሆነም?» መልሱን ያገኘው ኒውተን ነው። ዕቃው የሚቀዘቅዝበት ፍጥነት በእሱና በአካባቢው ሙቀት መካከል ባለው ልዩነት ልክ ነው። ልዩነቱ ሲጠብ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ተማሪው ይህንን ከራሱ ግራፍ ላይ ሲያነበው ከሰሌዳ ከመገልበጥ ጋር አይገናኝም።

ቀጥሎ ሁለት ጣሳ በአንድ ዓይነት ካልሲ አልብሱ። አንዱ ካልሲ ደረቅ፣ ሌላው እርጥብ። የትኛው ይሻላል? እርጥቡ በግልጽ ይሸነፋል። ሙቀቱን የሚይዘው ጨርቁ ብቻ ሳይሆን በክሮቹ መካከል የታሰረው አየር ነው። ውሃ ያንን አየር አስወጥቶ ቦታውን ሲይዝ፣ ሙቀትን ከአየር ከ20 ጊዜ በላይ አሳልጦ ያስተላልፋል። ካልሲው ሲደርቅም የሚተነው ውሃ ሙቀት ይዞ ይሄዳል።

ክዳኑን ደግሞ እናንተ አታስታውሷቸው። ጎኑን በሦስት ካልሲ ጠቅልሎ አፉን ክፍት የሚተው ቡድን አይጠፋም። በአንድ ካልሲና በካርቶን ክዳን የመጣው ቡድን ሲያሸንፈው ክፍሉ በአንድ ጊዜ ይገባዋል፤ ሙቀቱ በእንፋሎት በላይ በኩል ሲወጣ ነበር።

ዋናው ትምህርት የሚመጣው በሁለተኛው ዙር ነው። ከመጀመሪያው የተማሩትን ይዘው ዕቃውን ያሻሽሉ። በመጨረሻም ፔርሙዝ እንዴት እንደሚሠራ ራሳቸው ያስረዱ፦ ሁለት ግድግዳ፣ በመካከሉ አየር የለም፣ የሚያብለጨልጨው ሽፋን ጨረሩን ይመልሳል። ጄምስ ዴዋር ይህንን የፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1892 ነው። ስለ ሽፋኑ ሲወራም «ታዲያ የኛ ፎይል ምን ይሠራ ነበር?» የሚል መውጣቱ አይቀርም።

6. ቴክኖሎጂው የቱ ጋ ይገባል?

ኮምፒውተር ካለ መረጃውን ኤክሴል ላይ ይጻፉና ግራፉን ያውጡ። ስልክ ካለ በየ5 ደቂቃው ማንቂያ ይሙሉበት። አርዱዪኖ (በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) እና የሙቀት ሴንሰር ያለው ትምህርት ቤት ደግሞ መለኪያውን ራሳቸው እንዲሠሩት ያድርግ። ምንም ከሌለ ግራፉ በእጅ ይሠራል።

ኪቦርዱ ላይም የቴርሞሜትሩ ታሪክ ይደገማል። ለሁለት ሲቀመጡ አንዱ ይጽፋል፣ ሌላዋ ምን እንደሚጻፍ ትናገራለች። በየ10 ደቂቃው ወንበር ይቀያየሩ። ፕሮግራመሮችም ጥንድ ሆነው ሲሠሩ እንዲህ ነው።

7. ጠይቁና ጠብቁ

ሜሪ በድ ሮው የምትባል ተመራማሪ በ1970ዎቹ የክፍል ውስጥ ቅጂዎችን አዳምጣ፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ገደማ ብቻ እንደሆነ አገኘች። ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያረዝሙት የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። በአንድ ሰከንድ እጁን የሚያወጣው ደፋሩ ነው፤ ደፋር ሁሉ ደግሞ አዋቂ አይደለም። እስቲ በልባችሁ እስከ ሦስት ቁጠሩ። መጀመሪያ ላይ ዝምታው ይከብዳል።

ስታመሰግኑም የሠራችውን ነገር ለይታችሁ ተናገሩ። «ጎበዝ» ብሎ ከማለፍ «ክዳኑን ብቻ ለውጠሽ ሌላውን እንዳለ መተውሽ ጥሩ ነው፣ ለውጡ ከየት እንደመጣ ታወቀ» ማለት ይሻላል።

8. ሳይንቲስት ምን ትመስላለች?

ዴቪድ ቻምበርስ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ጥናት 4,807 ልጆች ሳይንቲስት እንዲስሉ ተጠይቀው ነበር። ሴት የሳሉት 28 ብቻ ናቸው፤ ሁሉም ሴቶች ልጆች። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ የተሠሩ ጥናቶች ብዙ መሻሻል ያሳያሉ፤ ዕድሜ ከፍ ሲል ግን ወንድ መሳል ይበዛል። ስለዚህ አትዘግዩ። በራሳችሁ ክፍልም ሞክሩት፤ ባዶ ወረቀትና 10 ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

የማሪ ኩሪን ፎቶ መለጠፍ አይከፋም። ግን ሁለት ጊዜ ኖቤል ያገኘች ሰው ለአንዲት የ13 ዓመት ልጅ ሩቅ ናት። ቀረብ ያለች ሴት ፈልጉ፦ የላብራቶሪ ቴክኒሻን፣ ኤሌክትሪሺያን፣ ፕሮግራመር። የስኬት ንግግር እንድታደርግ አትጠይቋት። «ሥራሽ ላይ ምን ተበላሸ? እንዴት አስተካከልሽው?» በሏት። ጥሪውም ለዓለም አቀፉ የሴቶች በሳይንስ ቀን፣ ለፌብሩዋሪ 11 ብቻ አይሁን።

ክበቡን የምትችሉ ከሆነ በትምህርት ሰዓት ውስጥ አድርጉት። ከትምህርት በኋላ ሲሆን፣ ቤት ሥራ የሚጠብቃት ወይም ማምሸት የማይፈቀድላት ልጅ ቀድማ ትቀራለች።

9. ማርክና መዝገብ

ረጅም ሰዓት ሙቀት ለያዘው ዕቃ ብቻ ማርክ አትስጡ። ከግምቱ፣ ከአለካኩ፣ ከግራፉና በሁለተኛው ዙር ምን ለምን እንደተለወጠ ከተሰጠው ማብራሪያ ተነሡ። የተሸነፈ ቡድን ምክንያቱን በደንብ ካስረዳ ጥሩ ማርክ ይገባዋል።

በመጨረሻ አንድ ወረቀት ያዙ። በአንድ በኩል የተማሪዎቹ ስም፣ በላይ በኩል አራቱ ሥራዎች። ሥራው በዞረ ቁጥር ምልክት አድርጉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ «ለኪ» በሚለው ሥር ምልክት የሌላት ልጅ ካለች፣ የሚቀጥለውን ክፍለ ጊዜ ቴርሞሜትሩን ይዛ የምትጀምረው እሷ ናት።