የድመት ስኳር ሲስተካከል፦ ኢንሱሊን ለማቆም ስንል የምንሠራቸው ስህተቶች

ድመቴ ቡላ ስኳር እንዳለበት የታወቀው በ9 ዓመቱ ነው። ውሃ አይጠግብም ነበር። ይበላል፣ ግን ይከሳል። ቆይቶ የኋላ እግሮቹን እስከ ተረከዙ መሬት እያስነካ መሄድ ጀመረ። እዚህ ደሴ ለድመት ኢንሱሊን እወጋለሁ ስል ብዙ ሰው ይገርመዋል። ድመት ግን ስኳር ይይዛታል፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚይዛት በሰው ላይ ዓይነት ሁለት የሚባለውን የሚመስለው ነው። ስለዚህ ተስፋ አለ። ሕክምናው ቶሎ ከተጀመረና ምግቡ ከተስተካከለ፣ አንዳንድ ድመቶች ከወራት በኋላ ያለ መርፌ መኖር ይችላሉ። ቡላ ከእነሱ አንዱ ሆነ። እዚያ እስክንደርስ ግን ተሳስቻለሁ፤ አንዱ ስህተቴ ሊገድለው ነበር።

"ተሻለው" ብሎ በአንድ ቀን ማቆም

ድመቱ ክብደት ጨመረ፣ ፀጉሩ አማረ፣ ውሃ መጠጣቱን ቀነሰ። በቃ ዳነ ይባልና መርፌው ይቀራል። ያማረበት ግን መርፌው እየሠራ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። ኢንሱሊን በድንገት ሲቋረጥ ሰውነት ስኳሩን መጠቀም ያቅተዋል። በምትኩ ስብ ማቃጠል ይጀምራል፣ ኬቶን የሚባል ነገር ደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ ደሙም አሲድ ይሆናል። ድመቱ ምግብ ይተዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ይፈዛል፤ አንዳንዴ አፉ እንደ አሴቶን ይሸታል። ይህ ቤት ውስጥ የሚታከም ነገር አይደለም። የዚያኑ ቀን ሐኪም ጋ መድረስ አለበት።

እናቴ ራሷ ኢንሱሊን ትወጋለች። እኔ መርፌው ሲሰለቸኝ ስታይ "የኔ ልጅ፣ ይሄ ነገር ሲሰለችሽ አይደለም የሚቆመው፣ ልኬቱ ሲፈቅድ ነው" ትለኝ ነበር። የቡላ ሐኪም ያደረገውም ይህንኑ ነው። 2 ዩኒት የነበረውን 1 አደረገው፣ ከዚያ ግማሽ፣ ከዚያ ዜሮ። በየደረጃው እየለካን ቆየን። አልቸኮልንም።

ምግቡን ቀይሮ የመርፌውን መጠን አለመንካት

የእኔ ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ቡላ ያደገው በወጥ በራሰ እንጀራና በወተት ነበር። ለስኳሩ ሥጋ ይሻለዋል ሲባል በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁሉንም ቀየርኩ። ጥሩ አደረግሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። መርፌው ግን ያው 2 ዩኒት ነው። ስኳር የሚሆነው ምግብ ቀንሷል፣ ስኳር የሚያወርደው መድኃኒት አልቀነሰም።

አንድ ጠዋት ከጓዳ ሲወጣ እንደሰከረ ሰው ተንገዳገደ። ግድግዳውን ተደገፈ። ስጠራው ዓይኑ እኔ ላይ አያርፍም። ለካሁት፤ 41 አለ (ቁጥሮቹ ሁሉ ሚሊግራም በዴሲሊትር ናቸው)፤ በጣም ወርዷል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ማር በጣቴ ጠቅሼ ድዱ ላይ ቀባሁት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግሜ ቀባሁት። ቀና ሲል ምግብ ሰጠሁትና በባጃጅ ይዤው ሐኪም ጋ ሄድኩ።

ስለዚህ ምግብ ከመቀየራችሁ በፊት ሐኪሙን አማክሩ፣ ቀስ እያላችሁም ቀይሩ። ኢንሱሊን ያለበት ቤት ማር ወይም ስኳር በቅርብ ይኑር። ድመቱ ራሱን ስቶ ወይም እየተንፈራገጠ ከሆነ አፉ ውስጥ ምንም አታፍስሱ፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ድዱን ብቻ ቀቡና ሩጡ። በመርፌው ሰዓት ካልበላ ወይም ስኳሩ ከወትሮው ከወረደ ደግሞ ሐኪሙን ሳትጠይቁ የተለመደውን መጠን አትውጉ። አንድ መርፌ ቢያልፈው፣ ሁለት እጥፍ ከመውጋት በጣም ይሻላል።

ክሊኒክ ላይ ብቻ መለካት

ድመት ሲደነግጥ ስኳሩ ይሻቅባል። ጤነኛ ድመት እንኳ በካርቶን ታሽጎ፣ በባጃጅ ተንገጫግጮ፣ በግና ውሻ አጠገብ ቆይቶ ሲለካ 300 ሊደርስ ይችላል። በዚያ ቁጥር ብቻ መርፌው ሊቆም የሚችል ድመት መጠን ይጨመርበታል።

ቤት መለካት ይቻላል። የጆሮውን ጫፍ በሞቀ ጨርቅ ትንሽ ያዝ አድርጎ፣ ዳሩ ላይ ወጋ፣ አንዲት ጠብታ። እናቴ በምትለካበት መሣሪያ ነው የምለካው። የሰው መለኪያ በድመት ደም ላይ ከእውነተኛው ትንሽ ዝቅ አድርጎ ያነባል፤ ስለዚህ መሣሪያ አትቀያይሩ፣ ለሐኪሙም በምን እንደለካችሁ ንገሩት። ጤነኛ ድመት ሳይደነግጥ ከ80 እስከ 120 አካባቢ ነው። እኔ ሁሉንም በደብተር እጽፋለሁ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥር፣ የበላው። የከተማችን የእንስሳት ሐኪሞች የበለጠ የሚውሉት ከከብትና ከበግ ጋር ነው። ደብተሩን ይዛችሁ ስትሄዱ ሥራቸው ይቀልላቸዋል።

ጾሙን ለድመቱም ማድረግ

ክፋት አይደለም፤ ቤት ያለው እሱ ስለሆነ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ሽሮ የተቀባ እንጀራ የሚበላ ድመት ብዙ ነው። ለስኳር ድመት ይህ ወደ ኋላ መመለስ ነው። የክርስቲያኑ ሉካንዳ ሲዘጋ፣ ደሴም ኮምቦልቻም የሙስሊሙ ሉካንዳ አለ። ትንሽ ሥጋና ልብ አስቆርጣችሁ አስቀምጡለት። ጉበት ግን በየቀኑ አይሁን፤ ቫይታሚን ኤ ይበዛበታል። አጥንት የሌለው ሥጋ ብቻውንም ለረጅም ጊዜ አይበቃም፣ ካልሲየም ያንሰዋል። ይህንንም ሐኪሙን ጠይቁ። ወፍራም ድመት ካላችሁ ደግሞ በረሃብ አታክሱት። ድመት ለጥቂት ቀናት ካልበላ ጉበቱ በስብ ይጎዳል።

በረመዳንም ሌላ ነገር አለ። የቤቱ ማዕድ ወደ ኢፍጣርና ሱሑር ሲሄድ የድመቱ ምግብ አብሮ ይሄዳል። በየ12 ሰዓቱ መርፌ ለሚወስድ ድመት ግን ሰዓቱ መጠበቅ አለበት። ጎረቤታችን ለድመቷ በስልኳ ደወል ሞልታ ነበር፤ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት።

ሌሎች መድኃኒቶችን አለመናገር

ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን የሚባሉት የማሳከክና የአለርጂ መድኃኒቶች ስኳሩን ከፍ ያደርጋሉ። ለማሳከክ የተሰጠ አንድ መርፌ የወራት ልፋት ሊያበላሽ ይችላል። ማንም መርፌ ይዞ ሲቀርብ መጀመሪያ "ስኳር አለበት" በሉ። የጥርስና የሽንት ኢንፌክሽንም ስኳሩን ከፍ ያደርጋል።

ሲሪንጁን ማምታታት

የሰው ኢንሱሊን በአብዛኛው 100 ዩኒት በሚሊ ሊትር ነው። ለእንስሳት ተብሎ የሚሠራው ብዙ ጊዜ 40 ነው። ሲሪንጁ ከብልቃጡ ጋር ካልገጠመ መጠኑ በጣም ይዛባል።

መርፌው ቆሞ መከታተሉንም ማቆም

ስኳሩ ያለ መርፌ ቢያንስ ለ4 ሳምንት ተስተካክሎ ከቆየ ነው ተረጋጋ የሚባለው። ከዚያ በኋላም የሚመለስበት ድመት አለ። የውሃ ሳህኑን በኩባያ ለክታችሁ ሙሉ፤ መጨመሩ ቶሎ ይታወቃችኋል። በየሳምንቱ መዝኑት። ስኳሩ ከ250 አካባቢ ሲያልፍ በሽንቱ መውጣት ይጀምራል፤ ኮምቦልቻ ያለች ጓደኛዬ የድመቷ ስኳር መመለሱን ያወቀችው ሽንቱ ላይ ጉንዳን ሲሰፍር አይታ ነው። ፋርማሲ የሚሸጠው የሽንት መመርመሪያ ወረቀትም (ስትሪፕ) ስኳርና ኬቶን ያሳያል።

ቡላ መርፌ ካቆመ አምስት ወር ሆነው። ተረከዙን መሬት ማስነካቱን ትቷል፤ አሁን አጥር ይዘላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ጆሮውን እለካለሁ። ባለፈው ቅዳሜ 96 አለ፣ ለእናቴም ደውዬ ነገርኳት።