ማሲንቆውን ከሚስማሩ አውርዱት፦ ባሕር ዳር ላይ የሙዚቃ ሙዚየም ለመክፈት ላሰባችሁ

አንድ ጊዜ፣ የት እንደሆነ ይቅር፣ የባህል ዕቃ ወደሚታይበት አንድ ክፍል ገባሁ። ግድግዳው ላይ ማሲንቆ በሚስማር ተሰቅሏል። ጭራው ተበጥሶ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ «መንካት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አስጎብኚው ጠጋ ብሎ «ይህ ማሲንቆ ይባላል» አለኝ። ጎጃም ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ እኮ! «የሚጫወትበት ሰው አለ?» ስለው «ኧረ ይሄ ቅርስ ነው» አለኝ። የዚያኑ ዕለት ማታ አንድ አዝማሪ ቤት ገብቼ ያው ማሲንቆ ቤቱን ሙሉ ሲያስቅ፣ ሲሸነቁጥ፣ ሲያስተክዝ አመሸ። ሞቅ ሲለኝ እኔም «ተቀበል!» አልኩና ይቺን ወረወርኩ፦

ጣና ዳር ተቀምጦ ውኃ የሚጠማው፣
ማሲንቆ ሰቅሎ ነው ዘፈን የማይሰማው።

ግጥሙ የራሴ ነው፣ አትሳቁ። አዝማሪው ተቀበለኝና ስለ ኪሴ መድረቅ ሁለት መስመር ጨመረበት። ቤቱ በሳቅ አውካካ።

ከዚያ ማታ ጀምሮ ሙዚቃ ሙዚየም የሚባል ነገር በተነሳ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ይሄ ነው። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ተራ ይሰጠዋል። ግጥም ያቀብላል፣ ይሰደባል፣ ይሞገሳል፣ ግንባር ላይ ብር ይለጥፋል። ሙዚየሙ ውስጥ ግን ሥራው ቆሞ ማየት ብቻ ነው። እና ባሕር ዳር ላይ፣ አንድ ክፍልም ብትሆን፣ የሙዚቃ ሙዚየም ለመክፈት ያሰባችሁ ካላችሁ ምክሬ ከዚህ ይጀምራል፤ ለገባው ሰው ሁሉ ተራ ስጡት።

በመጀመሪያ ግን ለማን እንደምትከፍቱ ወስኑ። ብዙ ሰው ፈረንጅ አስቦ ነው የሚጀምረው። ባሕር ዳር የሚመጣ እንግዳ ደግሞ ፕሮግራሙ የታወቀ ነው፤ ጠዋት በጀልባ ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ ከሰዓት ጢስ ዓባይ፣ ማታ የጣና ዓሣ፣ በማግስቱ ጎንደር። ለእናንተ የሚተርፈው ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው። በዚያ ላይ እንግዳ እንደ ጣና ውኃ ነው፤ ይሞላል፣ ይጎድላል። ባለፉት ዓመታት ከተማው ውስጥ የነበረ ሰው ይህን እኔ አልነግረውም። የማይጎድለው የከተማው ሰው ነው። ተማሪው አለ፣ ቅዳሜ ገበያ ከገጠር የሚመጣው አለ፣ ዩኒቨርሲቲ ልጁን ሊጠይቅ የመጣ አባት አለ፣ ሐይቅ ዳር ሻይ እየጠጣ የሚውል ጡረተኛ አለ። ለእነሱ ከሠራችሁት እንግዳውም ይወደዋል። በተገላቢጦሽ ግን ሲሠራ አላየሁም።

አሁን ወደ ዕቃው። ሁለት ዓይነት ዕቃ ያዙ። አንደኛው አሮጌው፣ ታሪክ ያለው፣ ሳጥን ውስጥ የሚቀመጠው ነው። ሁለተኛው ለእጅ ነው፤ ከሠሪዎቹ በአዲስ የሚገዛ፣ ቢሰበር የሚጠገን። ገንዘባችሁን ይበልጥ ለሁለተኛው አውጡት። አሜሪካ ፊኒክስ ከተማ በ2010 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ትልቅ የሙዚቃ መሣሪያዎች ሙዚየም አለ። ጎብኚው ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ ይዞራል፤ አንድ መሣሪያ ፊት ሲደርስ የዚያ ድምፅ በራሱ ይመጣለታል። እዚያው ውስጥ ደግሞ ልጅ አዋቂው የፈለገውን እያነሳ የሚመታበት፣ የሚነካበት ክፍል አላቸው። ማዳመጫው ከአቅማችን በላይ ነው። ያቺ ክፍል ግን አይደለችም።

ሐይቅ ዳር እንደሆናችሁ አትርሱ። ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥበቱ ቀልድ አይደለም፤ የከበሮ ቆዳ ይረግባል፣ የቆዳ ማንገቻ ይሻግታል። በጋ ደግሞ መስኮት ዳር የተቀመጠ እንጨት ይሰነጠቃል። ስለዚህ ወደ ውኃው ባለው እርጥብ ግድግዳ ላይ ምንም አትስቀሉ፣ ፀሐይ በቀጥታ አታስመቱ፣ በየሳምንቱ አንድ ሰው እያወረደ ይጥረግ፣ ይቃኝ። ዋሽንት ከአፍ ወደ አፍ ስለሚሄድ አልኮል የነካ ጥጥ አጠገቡ ይኑር። ይሄው ነው፣ ሳይንሱን አታብዙት።

ጽሑፉ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። «ማሲንቆ፦ ባለ አንድ አውታር ባህላዊ የሙዚቃ መሣሪያ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ምንም አልጻፋችሁም፤ የባሕር ዳር ሰው ያውቀዋል። የማያውቀውን ንገሩት። ጭራው የፈረስ መሆኑን፣ ደጋኑ ያለ ዕጣን ሙጫ ድምፅ እንደማያወጣ፣ የበገና 10 አውታሮች ሁሉም እንደማይደረደሩና አንዳንዶቹ የጣት ማሳረፊያ እንደሆኑ፣ ያ የሚነዝር ድምፁም አውታሩ ሥር ከምትገባው ትንሽ ቆዳ፣ ከእንዚራ እንደሚመጣ። እንዲህ ያለውን ሰው ቤቱ ሄዶ ያወራዋል። ደግሞ ግሡን አትሳቱ። አማርኛ እኮ ሁሉንም «ተጫወተ» አይልም። በገና ይደረደራል፣ ክራር ይገረፋልም ይደረደራልም፣ ዋሽንት ይነፋል፣ ነጋሪት ይጎሰማል፣ ጸናጽል ይጸነጸላል። ከየዕቃው ሥር ስሙን ሳይሆን ግሡን በትልቁ ብትጽፉት ልጆች እጃቸው ይነሳል። እኔ ብሆን እንደዚያ አደርግ ነበር።

ቀጣዩ ነገር ሰው ነው፣ ከሁሉም የሚከብደው። ጽሑፍ ሸምድዶ የሚያነበንብ አስጎብኚ አትቅጠሩ። አዝማሪ ቅጠሩ። ክፍያውን በቀን ተስማሙ፣ በሰዓቱ ክፈሉ፣ ሰው ግንባሩ ላይ ብር ሲለጥፍለትም «እዚህ አይቻልም» አትበሉ፤ ያ የጨዋታው አካል ነው። አዝማሪ ሌሊት ሠርቶ የሚያድር ሰው ስለሆነ ጠዋት 2 ሰዓት ና ካላችሁት አይመጣም፣ ቢመጣም ያኮርፋል። ከሰዓት ከ9 እስከ 12 አድርጉት። አዝማሪ የሚለውን ቃል ዛሬም እንደ ስድብ የሚጠቀምበት ሰው አለ። ቃሉ የመጣው ግን «ዘመረ» ከሚለው ግዕዝ ነው። ይህን በሙዚየሙ በር ላይ መጻፍ ሳይሆን፣ ሰውየውን ወንበር ሰጥቶ፣ ስሙን በግድግዳው ላይ እንደ መምህር ጽፎ ማሳየት ነው የሚሻለው።

እሱን ይዛችሁ የምታደርጉት አንድ ጨዋታ ልስጣችሁ። ሁላችንም አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺ ሆዬን፣ በጆሯችን እናውቃቸዋለን። ስማቸውን ግን ከድምፁ ጋር አገናኙ ብንባል አብዛኛዎቻችን እንወድቃለን። አዝማሪው በየቅኝቱ አጠር አድርጎ ይጫወት፣ ጎብኚው ይገምት። ያገኘ ግጥም ያቀብላል፣ የሳተ ይሰደባል። ስድቡ ለስለስ ያለ እንዲሆን አስቀድማችሁ ንገሩት፣ በተለይ የሴት ጓደኛውን ይዞ የመጣ ልጅ ካለ።

ማኅበረሰቡን «ማሳተፍ» የሚባለውን ነገር ብዙዎች ስብሰባ ጠርቶ ውኃ ማደል ይመስላቸዋል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ሰው ዕቃ እንዲያመጣ አትጠይቁ፣ ድምፅ እንዲያመጣ ጠይቁ። ዕቃ ስትጠይቁ «ሊወስዱብን ነው» ይላል፣ እውነቱን ነው። ድምፅ ግን ሰጥቶም ከሱ ጋር ይቀራል። አንድ እናት ቤት ሂዱ፣ ቡና እስኪፈላ ጠብቁ፣ ከዚያ «እማማ፣ ድሮ ወፍጮ ላይ ሲቀመጡ ምን እያሉ ያንጎራጉሩ ነበር?» በሏቸው። መጀመሪያ «ውይ ልጄ፣ ያ ዘመን አለፈ» ይላሉ። ሁለተኛው ስኒ ላይ ይጀምራሉ። እሹሩሩው አለ፣ የሠርጉ አለ፣ የደቦው፣ የአጨዳው፣ ሽለላና ቀረርቶው አለ። ታንኳ ከደንገል የሚሠሩትን የነገደ ወይጦ ሰዎች ስለ ታንኳቸው የማይጠይቃቸው እንግዳ የለም፤ እናንተ ስለ ዘፈናቸው ጠይቋቸው። ሙሾ ግን ሰላም በሆነ ቤት ውስጥ ገብታችሁ አልቅሱልን አትበሉ። ሟርት ነው፣ ደስ አይልም።

ስልክ ለመቅጃ በቂ ነው። ፍቃድ ጠይቁ፤ ፍቃዳቸውንም ራሱ ቅጂው ላይ በድምፃቸው አስገቡት። ሌላው ቀርቶ ይህን አትርሱ፦ የቀዳችሁትን በፍላሽ ወይም በሚሞሪ አድርጋችሁ ለቤተሰቡ መልሱ። እናትየው ያረፉ ቀን ያቺ ፍላሽ ለልጆቻቸው ምን እንደምትሆን አስቡት።

ካሴትም አለ። በደርግ ጊዜ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበር፤ ያኔ ወጣት የነበሩት አሁን ሽበት አብቅለው እዚሁ ከተማ ውስጥ ይኖራሉ። ፎቶ አላቸው፣ ዩኒፎርም አላቸው፣ በእስክርቢቶ እየተጠነጠነ የኖረ ካሴት አላቸው። «ካሴት አምጡ፣ ወደ ስልካችሁ እንገለብጥላችኋለን» የሚል ማስታወቂያ ለጥፉና የሚሆነውን እዩ። ወረፋው ላይ የሚወራው ወሬ ራሱ ኤግዚቢሽን ነው። የሰው ዘፈን ገልብጣችሁ ግን እንዳትሸጡ፤ የቅጅ መብት አዋጅ አለ፣ ቁጥሩም 410/1996 ነው።

ስለ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ጠንቀቅ በሉ። ጸናጽል፣ ከበሮ፣ መቋሚያ ለዓይን ያምራሉ፣ ዙሪያችን ደግሞ ገዳም ነው። አሮጌ ጸናጽል ይዞ ጨለማ ውስጥ የሚመጣ ሰው ካለ አትግዙት፤ ከየት እንደወጣ አታውቁም፣ አዋጅ 209/1992ም ቅርስን እንዲህ በጓሮ መገበያየት አይፈቅድም። ይልቅ አንድ መሪጌታ ጋብዙና የቅዱስ ያሬድን ሦስት ዜማዎች፣ ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን፣ አንድ በአንድ ያሰሙ፤ በአሥር ደቂቃ ከአንድ ግድግዳ ሙሉ ጽሑፍ የበለጠ ይገባል። ምን ይነካል፣ ምን አይነካም የሚለውን እሳቸው ይወስኑ። ደግሞ ሴቶች ከማይገቡባቸው እንደ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ያሉ ገዳማት ዜማ በፍቃድ ቀድታችሁ ብታሰሙ፣ ለስንት እናትና እህት ደሴቱን ታሻግሩላቸዋላችሁ።

የቀን መቁጠሪያችሁን ከአገሩ ጋር አስኪዱት። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ማሲንቆው ይረፍና የበገና ምሽት አድርጉ። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፤ ልጆቹ ሆያ ሆዬ እያሉ በራችሁ ላይ መምጣታቸው ስለማይቀር ሙልሙል አዘጋጁና የየሰፈሩን ግጥም ቅዱ፤ የዘንድሮውና የከርሞው አንድ አይሆንም። ጅራፍ የሚያጮኹትንም እንዳታባርሩ፣ እሱም ድምፅ ነው። እንቁጣጣሽ ላይ የሴቶቹ ተራ ነው። ጥምቀት ሰሞን ዝጉት፣ ማን ቤት ውስጥ ይቀመጣል!

ተማሪ ሲመጣ ስልሳውን በአንድ ጊዜ አታስገቡ። አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት እያደረጋችሁ፣ የቀሩት ውጭ ከባዶ ጣሳና ከክር ክራር ይሥሩ። ድምፁ አይሰማም ብትሉ ትሳሳታላችሁ፤ ይሰማል፣ ጎረቤት እስኪማረር ይሰማል። ጎረቤቱን ታዲያ ቀድማችሁ ቡና ጋብዙት።

መግቢያው ለከተማው ሰው ትንሽ ይሁን፣ ለተማሪ ነፃ፣ ቅዳሜ ገበያ ለመጣ ገበሬ ደግሞ ነፃ ብቻ ሳይሆን አህያውን የሚያስርበት ጥላም ይኑር። መብራት መጥፋቱ አይቀርም። ቴሌቪዥንና ስፒከር ብቻ ላይ የተንጠለጠለ ሙዚየም ያን ጊዜ ይዘጋል፤ ማሲንቆ ግን ቻርጅ አይፈልግም።

ሕንፃ እስክታገኙ መጠበቅም የለባችሁም። ሐይቅ ዳር አንድ ዋርካ ሥር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አራት አምስት መሣሪያ፣ አንድ አዝማሪ፣ አንድ መቅጃ ስልክ ይበቃል። አራት ቅዳሜ ሞክሩት፣ ማን እንደቆመ፣ ማን እንደነካ፣ ማን ተመልሶ እንደመጣ በደብተር ጻፉ። ከዚያ ቤት ፈልጉ። ያ ሚስማር ላይ የተሰቀለው ማሲንቆ ደግሞ እናንተ ዘንድ ካለ ዛሬውኑ አውርዱትና መጀመሪያ ጭራውን ቀጥሉለት።