በባድሜንተን ደብል እንጀራችሁን ልትበሉ ያሰባችሁ፣ ከእነዚህ ስህተቶች ራቁ

እዚህ ጅማ ከትምህርት ቤት መልስ ራኬት ይዘው የሚመጡ ልጆችን ማሰልጠን ከጀመርኩ ወዲህ የማየው ነገር ሁሉም ሲንግል (አንድ ለአንድ) ነው የሚፈልገው፣ ደብል (ሁለት ለሁለት) የሚገባው ሜዳ ጠቦ ተራ ሲረዝምበት ነው። ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ኦሎምፒክ ላይ ካሉት 5 የባድሜንተን ውድድሮች 3ቱ የጥንድ ናቸው፣ የወንዶች፣ የሴቶችና የድብልቅ፣ እና ፕሮፌሽናል መሆን የሚመኝ ልጅ ደብልን እንደ ጊዜ ማሳለፊያ ካየው ገና ሳይነሳ ሰፊውን በር በራሱ ላይ ዘጋ ማለት ነው።

ትልቁ ስህተት ሜዳ ላይ ብቻህን እንዳለህ አድርጎ መጫወት ነው። ባለፈው አንዱ ልጅ ተሸንፎ ሲወጣ "ጋሼ እኔኮ ጥሩ ነኝ፣ እሱ ነው የሚያበላሽብኝ" አለኝ፣ አጣማጁ አጠገቡ ቆሞ እየሰማ። ሁለቱንም አስቀመጥኳቸውና ያየሁትን ነገርኳቸው። ከኋላ እየዘለለ ስማሽ፣ ማለትም ከላይ ወደ ታች በሀይል፣ የሚመታው ያው ያማረረው ልጅ ነው፣ ግን መትቶ ሳያበቃ ሻትሉን (የባድሜንተን ኳሷን) ተከትሎ ወደ መረብ ይሮጣል፣ ፊት የቆመው ልጅ ደግሞ የተለቀቀውን ቦታ ልሸፍን ብሎ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ መሀል ላይ ይጋጫሉ፣ ከዛ ማን አበላሸ ይባላል። ደብል ላይ ስታጠቁ አንዱ ፊት አንዱ ኋላ ነው፣ ስትከላከሉ ጎን ለጎን ነው፣ ሻትሉን ከፍ አድርጋችሁ ለተጋጣሚ ከሰጣችሁ ወዲያውኑ ጎን ለጎን ትከፈላላችሁ። ይሄን እግራችሁ ሳያስብ እስኪሰራው ድረስ ያለ ሻትል ጭምር ተለማመዱት፣ ሁለት በሬ በአንድ ቀንበር ሲጠመድ አንዱ ቢፈጥን ማረሻው ይጣመማል እንጂ እርሻው ቶሎ አያልቅም።

ዝም ብሎ መጫወትም እንደዛው ነው። "የኔ"፣ "ያንተ"፣ "ተወው" ማለት አያሳፍርም። እኛ ጋ ደግሞ አንዱ "ተወው" ሲል ሌላው በኦሮምኛ "ዺሲ" ይላል፣ ሁለቱም ቋንቋ ይገባቸዋል ግን ሻትሉ እየወረደ ሳለ ለማሰብ ጊዜ የለም፣ አንድ ቃል መርጣችሁ በሱ ጽኑ። የቶኪዮ ኦሎምፒክን የሴቶች ደብል ፍጻሜ ያየ ሰው ይህን ያስታውሰዋል፣ ኢንዶኔዥያዊቷ ግሬይሲያ ፖሊ በአንድ ነጥብ መሀል ጨዋታው ሳይቋረጥ ሮጣ ራኬቷን ቀየረች፣ እስክትመለስ ሜዳውን የጠበቀችላት አጣማጇ አፕሪያኒ ራሃዩ ነበረች። እንደዚህ የሚያስተማምን ሰው በአንድ ሳምንት አይገኝም።

ሌላው ስማሽ ብቻ መለማመድ። ልጆቹ ሲሰለፉ ሁሉም የኋላ ተጫዋች ነው የሚሆነው፣ ፊት ቁም ስትለው የተቀጣ ይመስለዋል። ኢንዶኔዥያዊውን የደብል ተጫዋች ሄንድራ ሴቲያዋንን እዩት፣ በ2008 (እዚህ የምጠቅሳቸው አመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቤጂንግ ከማርኪስ ኪዶ ጋር የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደ፣ የአለም ሻምፒዮናን 4 ጊዜ በላ፣ በ2007 ከኪዶ ጋር፣ በ2013፣ በ2015 እና በ2019 ደግሞ ከሞሐመድ አህሳን ጋር፣ የመጨረሻውን ሲያሸንፍ 35 አመቱ ነበር። የሚታወቀው ግን በመረብ ስር አያያዙና በእርጋታው ነው። ፊት የቆመ ሰው የተመለሰውን ቀድሞ ካልቆረጠው የኋላው ሰው ስማሽ ሲመታ ውሎ ትከሻው ያልቃል፣ ትከሻ ካለቀ ደግሞ ሙያው አለቀ።

ሰርቪስን፣ ነጥቡን የሚያስጀምረውን ምት፣ ንቆ ማለፍስ? በሲንግል እንደለመዱት ከፍ አድርገው ወደ ኋላ ይልኩታል። የደብል የሰርቪስ ሳጥን ከኋላ በኩል ከሲንግሉ በ76 ሳንቲ ያጥራል፣ ስለዚህ ያ ረጅም ሰርቪስ ወይ ውጪ ነው ወይ ለተቀባዩ ስማሽ ማቀበል ነው። አጭር፣ መረቡን ላጥ አድርጋ የምታልፍ ሰርቪስ ናት የምትፈለገው። ከ2006 ጀምሮ ማንም ሰርቭ ያድርግ ማን እያንዳንዱ ነጥብ ስለሚቆጠር የተበላሸ ሰርቪስ ማለት በነጻ የተሰጠ ነጥብ ነው፣ አንዱ ጌም፣ ማለትም ዙር፣ ደግሞ 21 ላይ ያልቃል። ቁመቱንም ተጠንቀቁ፣ ከ2018 ወዲህ ባለው ህግ ሻትሉ ሲመታ ከመሬት 1.15 ሜትር በታች መሆን አለበት።

አሁን ደግሞ እኛ ከፍታ ላይ ያለን ሰዎች የምንሰራው፣ ማንም ልብ የማይለው ስህተት አለ፣ የሻትል አመራረጥ። ጅማ ከባህር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ታልፋለች። ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፣ አየር ሲሳሳ ሻትሉን የሚይዘው ነገር ይቀንሳል ስለዚህ ያው ሻትል ያው አመታት ሆኖ ርቆ ይሄዳል። ልጁ ውጪ እንዳይወጣበት ብሎ እጁን ማለዘብ ይለምዳል፣ በኋላ ወርዶ ባህር ዳርቻ ያለ ከተማ ላይ ሲወዳደር ከኋላ ወደ ኋላ የላከው ሻትል መሀል ሜዳ ላይ ይወድቅና ስማሽ ይበላበታል፣ ፈራ ይባላል እንጂ ችግሩ ፍርሀት አይደለም። ሻትል የላስቲክና የላባ አለ፣ የላስቲኩን ስትገዙ ከጭንቅላቱ በላይ ያለውን ቀለበት እዩ፣ አረንጓዴ ዘገምተኛ ነው፣ ሰማያዊ መካከለኛ፣ ቀይ ፈጣን፣ ለእኛ አረንጓዴው ነው የሚሻለው። የላባው ሻትል ላይ ደግሞ ከ75 ጀምሮ ቁጥር ይጻፋል፣ ቁጥሩ ሲያንስ ሻትሉ ይዘገያል። መፈተኛውም ህጉ ላይ አለ፣ ከኋላ መስመር ቆመህ ከስር ወደ ላይ በሙሉ ሀይል ምታው፣ ከማዶው የኋላ መስመር ከ53 እስከ 99 ሳንቲ ቀድሞ ካረፈ ልክ ነው፣ መስመሩን አልፎ ከሄደ አትለማመዱበት።

ጫማ ላይ ብዙ አልልም፣ በሩጫ ጫማ ደብል አትጫወቱ፣ ተረከዙ ከፍ ስለሚል ወደ ጎን ስትዘሉ ቁርጭምጭሚት ይታጠፋል። በተለይ ዝናብ ዘንቦ ሲሚንቶው ሳይደርቅ የምትገቡ፣ እባካችሁ።

አጣማጅን እንደ ልብስ መቀያየር ብዙ ሰው ሙያውን ያዘገየበት ነገር ነው። የአለም ደረጃ የሚሰላው ባለፉት 52 ሳምንታት ከተጫወታችሁት ውስጥ ምርጥ 10 ውድድሮች ተደምረው ነው፣ እና ደብል ላይ ደረጃው የጥንዱ ነው የአንድ ሰው አይደለም። ዛሬ ተኳርፈህ ከተለየህ ከአዲሱ ሰው ጋር ዝርዝሩ ላይ ከታች ነው የምትነሳው። በርግጥ መለወጥ የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ ፖሊም የቀድሞ አጣማጇ ስትጎዳ ነው በ2017 በአስር አመት ገደማ ከምታንሳት አፕሪያኒ ጋር የተጣመረችው፣ ከ4 አመት በኋላ ወርቅ አመጡ። እኔ የምለው አንድ ውድድር ስለተሸነፋችሁ አትለያዩ ነው።

ይቺው ፖሊ ሌላም ታሪክ አላት፣ ለንደን 2012 ላይ ቀላል ተጋጣሚ እንዲደርሳቸው ሆን ብለው ለመሸነፍ ሞክረዋል ተብለው ከኦሎምፒክ ከተባረሩት 4 የሴቶች ጥንዶች ውስጥ ነበረች። እሷ ተነስታለች፣ ሁሉም ግን አይነሳም፣ በ2018 ሁለት የማሌዥያ ተጫዋቾች ጨዋታ በመሸጥ አንዱ 20 አመት አንዱ 15 አመት ታገዱ። አሁን በየሰፈሩ ቤቲንግ ስላለ ነው ይሄን የማነሳው፣ ለጓደኛ ውለታ ተብሎ አንድ ጌም መልቀቅ የሚባል ነገር እንዳትለምዱ።

የመጨረሻው ብር ነው። ልጆቹ የሲንግል ሻምፒዮን ሽልማት አይተው ያልማሉ፣ በአለም አቀፉ ትልልቅ ውድድር ላይ ግን የሲንግል አሸናፊ ከጠቅላላው ሽልማት 7 ፐርሰንት ሲወስድ የደብል አሸናፊዎች 7.4 ይወስዳሉ፣ እሱም ለሁለት ይካፈላል። ትኬትና ሆቴል ግን ለእያንዳንዱ ሰው ነው። ስለዚህ ትምህርታችሁን አታቋርጡ፣ ከአጣማጃችሁም ጋር ከአሁኑ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፣ ሻትል በጋራ ነው የሚገዛው ወይስ በየተራ፣ የአንዱ ቤተሰብ የመንገድ መክፈል ሲያቅተው ሌላው ይሸፍናል ወይ፣ ከሸፈነስ ከሽልማቱ ላይ ይቀነሳል ወይ፣ ወረቀት ላይ ጻፉትና ሁለታችሁም ያዙት፣ ወላጆቻችሁም ይዩት።